ድመቷ መብላቷ ጥርሷ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፦ ስለ ድመት ጥርስ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የድመት ባለቤቶች እርስ በርስ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ደንበኞቼ ይዘውልኝ መጡ። ሁለቱ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ለመጠየቅ ነበር፤ ሦስተኛዋ ግን የጽሑፉን ምክር ፈጽመው፣ ድመታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ እየሮጡ ነው የደረሱት። ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የቤት ድመት ጥርስ ማንም ሳይነካው ራሱን ይጠብቃል፤ ድመት ጥርሷን ካመማት መብላት ታቆማለች፤ እስካላቆመች ድረስ ችግር የለም፤ ጥቂት ችግር ቢያጋጥም ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይታከማል። ጸሐፊው ይህን በስምንት ነጥብ ዘርዝረው፣ በማስረጃነት ያቀረቡት የራሳቸውን የ11 ዓመት ድመት ነው። ጥርሷን አንድም ቀን ነክተውት እንደማያውቁ፣ እሷም እስከ ዛሬ ድረስ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል እያደረገች የቀረበላትን ጥርግ አድርጋ እንደምትበላ ይነግሩናል።

ጸሐፊው ድመት እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ እኔም የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለማሳጣት አይደለም። ይሁን እንጂ ከስምንቱ ነጥቦች አንዱ ድመቷን፣ ሌላው ደግሞ ባለቤቷን ሊገድል የሚችል ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፉ አላስቻለኝም። የእርሳቸውን ቅደም ተከተል ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዳንዱ ነጥብ በጥቂት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ላይ ግን መቆየት ግድ ይሆንብኛል።

የመጀመሪያው ነጥብ «የዱር ድመት ጥርሷን የሚቦርሽላት የለም፤ ግን ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው» የሚል ነው። የቤት ድመት በአፍሪካና በምዕራብ እስያ ከሚኖረው የዱር ድመት መውረዷ እውነት ነው። የዱር ድመት ጥርስ አይታመምም የሚለው ግን አፏን ከፍቶ ያየ ሰው ስለሌለ ብቻ የሚታመን ነገር ነው። ከፍተው የማየት ዕድል ያገኙ ተመራማሪዎች ያዩት ሌላ ነው። ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ፣ በባሕር መካከል በምትገኘው የማሪዮን ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1949 አይጥ እንዲይዙ አምስት ድመቶች ተወስደው ነበር። ድመቶቹ ተራብተው በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ማንም ሳይመግባቸው በአብዛኛው የባሕር ወፍ እያደኑ፣ ከነላባውና ከነአጥንቱ እየበሉ ኖሩ። የወፎቹን ዘር ሊያጠፉ ስለደረሱ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ በተካሄደ ዘመቻ ከደሴቷ ጨርሰው እንዲወገዱ ተደረገ። ከዚያ የተሰበሰቡ ሦስት መቶ ያህል የራስ ቅሎች ሲመረመሩ፣ በጥርሳቸው ላይ ታርታር፣ ማለትም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቆሻሻ፣ የተጋገረባቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ጥርስን አቅፎ የሚይዘው አጥንት በበሽታ የተበላባቸው ግን ከግማሽ ይበልጣሉ። በአውስትራሊያ ባለቤት አልባ ድመቶችን ከቤት ድመቶች ጋር ያነጻጸረ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፤ የዱሮቹ ጥርስ ላይ ያለው ታርታር አነሰ እንጂ የድድ በሽታቸው አላነሰም። እንግዲህ ጸሐፊው «እንደ ወተት ነጭ» ያሉት ጥርስ ነጭ መሆኑ ብቻውን ከሥሩ ያለውን አጥንት አላዳነውም። የዱር ድመት ብዙውን ጊዜ ጥርሷ ሳያስቸግራት በፊት በሌላ ምክንያት በልጅነቷ ትሞታለች፤ የቤቷ ግን 15 ዓመትና ከዚያም በላይ የመኖር ዕድል ስላላት ያ ሁሉ ዘመን በጥርሷ ላይ ያልፋል።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በእርሱ ላይ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። «እየበላች ከሆነ አላመማትም» ይላሉ። ይህ ፍርድ የተወሰደው ከእኛ ከሰዎች ነው። እኛን ጥርሳችንን ሲያመን እንጀራው እንኳ ይከብደናል፤ በታመመው በኩል ማላመጥ ስለማንችል ከገበታ እንነሣለን። ድመት ግን እንደ እኛ አታላምጥም። ያደገች ድመት 30 ጥርስ አላት፤ ከላይ 16፣ ከታች 14። ከእነዚህ መካከል እንደ እኛ መንጋጋ ምግብ ለመፍጨት የተሠራ የለም ማለት ይቻላል፤ የጎን ጥርሶቿ እንደ መቀስ ስለት እየተላለፉ ሥጋ የሚቆርጡ ናቸው፤ አገጯም ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ እንደ ከብት ወደ ጎን አይሄድም። የቆረጠችውን ሳታደቅ ትውጠዋለች። ስለዚህ የአፏ ግማሽ የታመመባት ድመት በሌላው ግማሽ እየቆረጠች፣ ወይም ጭራሽ ሳትቆርጥ እየዋጠች፣ ለወራት ሳህኗን ባዶ ስታደርግ ልትኖር ትችላለች።

በዚህ ላይ ጠባይዋ አለ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የዱር ቅድመ አያቷ ብቻዋን የምታድን፣ ከእርሷ ለሚበልጥ አውሬ ደግሞ ራሷ ሲሳይ የምትሆን ትንሽ እንስሳ ስለነበረች፣ መድከሟን ማሳየት ሕይወቷን የሚያስከፍላት ነገር ነበር። ዛሬ ሶፋ ላይ የምትተኛዋም ያንኑ ዓመል ይዛ ቆይታለች፤ ሲያማት አትጮኽም፣ አታነክስም፣ ራቅ ብላ ትተኛለች እንጂ። ባለቤቶች ብዙ ጊዜ «አርጅታ ነው መሰለኝ፣ ዝም አለች» ብለው ያመጧትን ድመት አፏን ሳይ፣ ዕድሜዋ ሳይሆን ጥርሷ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከታከመች በኋላ እንደ ድመት ግልገል ስትሯሯጥ ሲያዩ የሚያዝኑት ያለፈባትን ጊዜ አስበው ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት፣ ነገር ግን ሁለተኛ ነጥባቸውን ብቻውን የሚጥል አንድ በሽታ አለ። በአማርኛ የጥርስ መሟሟት ልንለው እንችላለን። የድመቷ የገዛ ራሷ ሴሎች የጥርሱን ጠንካራ ክፍል እየበሉ ከሥሩ ያሟሟቱታል። የተጠኑት ድመቶች ዕድሜና የምርመራው ዓይነት እንደተለያየ ቁጥሩም ቢለያይ፣ ጥናቶች ከ20 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑ ድመቶች ላይ እንደተገኘ ያሳያሉ፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም እየበዛ ይሄዳል። ይህ እኛ በስኳር ምክንያት እንደሚደርስብን ዓይነት የጥርስ መበስበስ አይደለም። እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ ጸሐፊው «ጣፋጭ እስካልሰጠናት ጥርሷ አይበሰብስም» ያሉት ነገር ዒላማውን የሳተ ነው። ድመት ጣፋጭን ለመቅመስ የሚያስፈልገው ዘረ መል የተበላሸባት ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተረጋገጠው ስኳር ለእርሷ ጣዕም የለውም፤ እንደ እኛ ያለው የጥርስ መበስበስም በድመት ላይ የለም ማለት ይቻላል። የሚሟሟው ጥርስ ከውጭ ሲታይ ድዱ በጥርሱ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ሆኖ የወጣበት ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን ጉዳቱ ሁሉ ከድዱ በታች ስለሆነ ያለ ጥርስ ራጅ ጨርሶ አይታይም። ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ይህን ልንገራችሁ፦ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዳ የተኛች ድመት እንኳ ያ ቦታ በመሣሪያ ሲነካ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ይህችው ድመት በዋዜማው ማታ እራቷን ጥርግ አድርጋ በልታ ልትሆን ትችላለች።

ታዲያ መብላቷ ካልነገረን ምን ይንገረን? አበላሏ ይነግረናል። ወደ ሳህኑ በጉጉት መጥታ አሽትታ ወደ ኋላ የምትል፣ ቁራሹን ከአፏ እየጣለች እንደገና የምታነሣ፣ በአንድ በኩል ብቻ የምትቆርጥ፣ ደረቁን ትታ መረቁን ብቻ የምትልስ፣ ስትበላ በድንገት እንደ ተነደፈ ሰው ዘልላ የምትሸሽ፣ በእጇ አፏን የምትፍቅ፣ ፀጉሯን ማጽዳት ትታ ጀርባዋ የተድበለበለ ድመት አፏ መታየት አለበት። አንገትን ዘንበል አድርጎ መብላትም እዚሁ ውስጥ የሚቆጠር ነው፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ አጥንት፣ ጥሬ ሥጋና ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳሉ የሚል ነው። ጥርስን የሚጎዳው መጀመሪያ ፕላክ የሚባለው፣ ባክቴሪያ የሞላበት ልጋጋም ስስ ሽፋን ነው። በጸዳ ጥርስ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፤ ሳይነካ ከቆየ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን እየገባበት ይጠነክርና ታርታር ይሆናል። ተራው ደረቅ የድመት ምግብ ገና የጥርሱ ጫፍ ሲነካው ስለሚሰባበር፣ ወይም ሳይሰበር ስለሚዋጥ፣ ፕላኩ ወደሚገኝበት ወደ ድዱ ጠርዝ አይደርስም። ለጥርስ ተብለው የሚሠሩ ልዩ ምግቦች አሉ፤ ፍሬያቸው ትልቅ ሆኖ ጥርሱ ሰርስሮ እስኪገባ ድረስ እንዳይፈረካከስ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ እነዚህ በእርግጥ ይረዳሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት ፕላክን ወይም ታርታርን መቀነሳቸው በሙከራ ለተረጋገጠ ምርቶች ብቻ ማኅተም ይሰጣል፤ ውጭ አገር ላላችሁ አንባቢዎች ማሸጊያው ላይ ካለው ማስታወቂያ ይልቅ ያንን ማኅተም መፈለግ ይሻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ጠንካራ አጥንትም ጥርስ ይሰብራል። ከሥጋ ቤት የሚገዛው ጥሬ ሳንባና ቁርጥራጭ ለስላሳ ስለሆነ ምንም አይፍቅም፤ በላዩ ላይ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ለድመቷ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር በምትኖርበት ቤት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛው ነጥብ የአፍ ሽታ ነው። «ሥጋ በል እንስሳ አፏ ቢሸት ምን ይገርማል?» ይላሉ። ዓሣ የበላች ድመት አፏ ዓሣ ዓሣ ሊል ይችላል፤ በየቀኑ የሚከረፋ ሽታ ግን የተቆጣ ድድ፣ መግል የያዘ ሥር፣ አንዳንዴም የኩላሊት ሕመም ምልክት ነው። ጸሐፊው ለሽታው መፍትሔ ያሉት ሎሚና ጨው መቀባት፣ «ጠንከር ላለው ደግሞ» የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። ሎሚና ጨው የቆሰለን ድድ ከማቃጠልና ድመቷ ሁለተኛ አፏን እንዳታስነካ ከማስተማር በቀር ጥቅም የለውም። የቅርንፉድ ዘይት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ለእኛ ጥርስ ሕመም አያቶቻችን ቅርንፉድ ማስነከሳቸው በከንቱ አልነበረም፤ በውስጡ ያለው ዩጀኖል በእርግጥ ያደነዝዛል። የድመት ጉበት ግን እንዲህ ያሉትን ንጥረ ነገሮች አጣርቶ ለማስወገድ አቅም የለውም፤ ስለዚህ ለእኛ መድኃኒት የሆነው ለእርሷ መርዝ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሴሎቿን ስለሚያፈርስ በምንም መልኩ አይሰጥም።

ከዚሁ የጉበት ድክመት ጋር የሚያያዘው አምስተኛው ነጥብ፣ መግቢያው ላይ ድመቷን ሊገድል ይችላል ያልኩት ነው። ጸሐፊው ድመቷን ጥርሷን ያመማት ከመሰለን «ሩብ ፓራሲታሞል በወተት በጥብጦ መስጠት» ይበቃል ብለዋል። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ፦ ለድመት ፓራሲታሞል አይሰጥም፤ ሩቡም፣ የሕፃናቱ ሽሮፕም አይሰጥም። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ጉዳት ወደማያደርስ ነገር ለውጦ የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ላይ እጅግ ደካማ ነው። መድኃኒቱ በዚያ ፈንታ ወደ መርዝነት ይለወጥና በደሟ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም እንዲሳነው ያደርገዋል። በኪሎ 10 ሚሊግራም እንኳ ድመት እንደመረዘ የተመዘገበ ነው። የአንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ሩብ 125 ሚሊግራም ነው፤ አራት ኪሎ ለምትመዝን ድመት በኪሎ ከ31 ሚሊግራም በላይ ይደርሳል፤ የመመረዙ መጠን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ድመታቸውን በፎጣ ጠቅልለው የመጡት ደንበኛዬ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ድመቷ ስትደርስ ድዷ ቡና ዓይነት ቀለም ይዟል፣ ፊቷና መዳፎቿ አብጠዋል፣ በአፏ ትተነፍሳለች። ማርከሻው አሲቲልሲስቲን የተባለ፣ በሰው ሕክምናም የሚሠራበት መድኃኒት ነው፤ በዕለቱ ከሰው ፋርማሲ ተፈልጎ በጊዜ ስለተገኘ ተረፈች። ሁሉም አይተርፉም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ስለሚጎዱ ምትክ አይሆኑም። የድመት ሕመም ማስታገሻ አለ፤ በክብደቷ ተሰልቶ በሐኪም ይታዘዛል።

በዚሁ ነጥብ ሥር አሞክሳሲሊን አምስት ቀን እንዲሰጥ መክረዋል። መግል ወይም ትኩሳት ሲኖር አንቲባዮቲክ በሐኪም ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን ታርታሩና የሞተው ሥር እዚያው እስካሉ ድረስ መድኃኒቱ ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ አያድነውም፤ ከጊዜ በኋላ ሕመሙ ይመለሳል፤ ባክቴሪያው ደግሞ መድኃኒቱን እየለመደው ይሄዳል።

ስድስተኛው ነጥብ ሰውን የሚመለከት ስለሆነ ትኩረታችሁን እለምናለሁ። «ድመት ለሃጯ ከተዝረከረከና መዋጥ ካቃታት አጥንት በጥርሷ መካከል ተሰክቶ ይሆናልና አፏን ከፍታችሁ በጣታችሁ ፈትሹ፤ የጎዳና ድመትም ብትሆን እርዷት» የሚል ነው። ርኅራኄው መልካም ነው። ነገር ግን የምንኖረው የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር ነው። ይህ በሽታ ስሙ ውሻን ቢጠራም ድመትም ይይዛታል፤ ከምልክቶቹ መካከል ደግሞ ለሃጭ መዝረክረክ፣ መዋጥ መቸገርና የአገጭ መውደቅ ይገኙበታል። ማለትም ጸሐፊው «አጥንት ተሰክቶባት ነው» ብለው የገለጿት ድመት፣ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘች ድመት ጋር በዓይን ልዩነት የላትም። ቫይረሱ ያለው በለሃጩ ውስጥ ነው። ጣት ላይ ባለች ትንሽ ጭረት በኩል ሊገባ ይችላል፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክትባቷን የማናውቃት፣ ለሃጯ የሚዝረከረክ ድመት አፍ ውስጥ ማንም እጁን አያስገባ። የነከሰችው ወይም ለሃጯ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ቀን ሳይቆጥር በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። የተከተበችም ድመት ብትሆን ንክሻዋን መናቅ አይገባም፤ ክራንቻዋ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በላይ የምትታየው ቁስል ትንሽ ሆና ባክቴሪያው ግን ወደ ጅማትና መጋጠሚያ ጠልቆ ይገባል። በዓመት አንዴ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንግዲህ ለጥርስ እንክብካቤም መነሻ ነው፤ ያልተከተበችን ድመት አፍ እኔም ብሆን በባዶ እጄ አልነካም።

ሰባተኛው ነጥብ «ማደንዘዣ ድመት ይገድላል፤ ታርታሩን በቤት ውስጥ በጥፍር ወይም በቀጭን ብረት ፍቆ መጣል ይሻላል» ይላል። ማደንዘዣ አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽም። በብሪታንያ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ፣ ከ79,000 በላይ ድመቶችን በያዘ ጥናት፣ ጤነኛ ከነበሩት ድመቶች ከማደንዘዣ ጋር በተያያዘ የሞቱት 0.11 በመቶ ነበሩ፤ ከ900 አንዷ እንደ ማለት ነው። ቀድሞውኑ ታመው ከነበሩት መካከል ግን 1.4 በመቶ ሞተዋል። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ኖሮ ክርክራቸው ይገለበጥባቸው ነበር፤ ድመቷ ጤነኛ ሳለች ከመታከም ይልቅ ደክማ መብላት እስክታቆም መጠበቅ፣ አደጋውን ከአሥር እጥፍ በላይ ከፍ ወዳለበት ቦታ መውሰድ ነውና። ከማደንዘዣ በፊት የደም ምርመራ ማስደረግ፣ ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ ማሞቅ፣ በአየር ቧንቧዋ ቱቦ ማስገባትና ትንፋሿን የሚከታተል ሰው መመደብ ያለውን አደጋ ይቀንሳሉ፤ ባለቤትም እነዚህ መኖራቸውን ቢጠይቅ መብቱ ነው። እግረ መንገዱን አፏ በስፕሪንግ ተወጥሮ ለረጅም ሰዓት እንዳይከፈት ይጠይቅ፤ ያ መሣሪያ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ተጭኖ ድመቶችን ያሳወረበት ጊዜ አለ።

በብረት መፋቁን በተመለከተ፣ የሚታየው ታርታር የበሽታው ትንሹ ክፍል ነው። ጥርሱን የሚያስጥለው ከድዱ በታች ያለው ነው፤ ጤነኛ በሆነች ድመት በድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ነቅታ በምትታገል ድመት ላይ እዚያ ገብቶ የሚያጸዳ እጅ የለም። የአሜሪካ የእንስሳት ጥርስ ሐኪሞች ኮሌጅ ያለ ማደንዘዣ የሚደረግን የታርታር ማንሣት የሚቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው። የተፋቀው ጥርስ ነጭ ሆኖ ባለቤቱን ያስደስታል፤ የብረቱ ጭረት ግን አዲስ ፕላክ የሚይዝበት ሻካራ ቦታ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው በሽታም ማንም ሳያየው ይቀጥላል።

ስምንተኛው ነጥብ ሁለት ነገር ያጣመረ ነው፦ ጥርሷ የተነቀለ ድመት በረሃብ ትሞታለች፣ ደግሞም ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው። የመጀመሪያውን ከላይ የተናገርኩት መልሶታል፤ የማታላምጥ እንስሳ ጥርስ ባይኖራት ትውጣለች። የአፏ ሥጋ በሙሉ የሚቆስልባት፣ ለዓመታት የምትሠቃይ ድመት አለች፤ ለእርሷ ከሁሉ የተሻለው ሕክምና የጎን ጥርሶቿን ወይም ሁሉንም መንቀል ሲሆን፣ እንዲህ ከታከሙት ድመቶች አብዛኞቹ በግልጽ ይሻላቸዋል። ቁስሉ ከጠገገ በኋላ አንዳንዶቹ ደረቁን ምግብ ሳይቀር እየዋጡ ኪሎ ይጨምራሉ።

ቅንጦት ስለመሆኑ ግን ጸሐፊው በከፊል እውነት አላቸው፤ በዚህ አልከራከራቸውም። የእንስሳት ሕክምና በአገራችን የተቋቋመው ለበሬው፣ ለላሟና ለበጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያፈራቸው ሐኪሞችም የተሰማሩት በአብዛኛው በዚያው መስክ ነው። የድመት ጥርስ ራጅ ያለበትን ክሊኒክ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ከዚህ እውነት ግን የሚከተለው «ተዉት» የሚል ምክር መሆን አልነበረበትም። ሕክምናው በራቀ ቁጥር ዋጋ የማያስወጣው የቤት ውስጥ ጥበቃ ይበልጥ ይፈለጋል።

እርሱም ከባድ ነገር አይደለም። ጠዋት ወይራ መፋቂያ ይዞ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጥርስን የሚያጸዳው ሽታና ጣዕሙ ሳይሆን ፍተጋው ነው። ለድመት እንጨት አይሆንም፤ በጣት ላይ የተጠቀለለ ንጹሕና እርጥብ ጨርቅ፣ ወይም ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ይበቃል። የሰው የጥርስ ሳሙና አትተፋውምና ፍሎራይዱንም አረፋውንም ትውጠዋለች፤ የድመት ሳሙና ካልተገኘ ያለ ምንም ሳሙና ይሁን። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት የዶሮ መረቅ የነካ ጣት ማስላስ፣ ከዚያ ከንፈሯን ብቻ ማንሣት፣ ከዚያ ሁለት ጥርስ ነክቶ መተውና መሸለም፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ድመቶች ይለምዱታል። አፏን መክፈት አያስፈልግም። የውስጡን በኩል ሻካራ ምላሷ ስለሚያግዝ፣ ትኩረት የሚሻው በውጭ በኩል ያለው፣ ይልቁንም የላይኛው የጎን ጥርስ ነው። ፕላክ በየቀኑ ስለሚመለስ መጥረጉም በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ ይሁን፤ በሳምንት አንዴ የሚደረገው ግን ብዙም አያተርፍም። ድዷ ቀልቶ የሚደማ ከሆነ ወይም ከአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ላይ ሆና ጥርስ የምትለውጥ ከሆነ ሕመሙን ከብሩሹ ጋር አያይዛ እንዳትጠላው መጀመሪያ ሐኪም ይያት፣ ወይም ጊዜው ይለፍ።

አሁን ወደ ጸሐፊው ድመት ልመለስ። 11 ዓመቷ ነው፤ ስትበላም አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች፤ እርሳቸው ልማዷ ነው ብለዋል፤ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ቢሆን፣ የተከተበች መሆኗን ካረጋገጡ በኋላ፣ ዛሬ ማታ ጭናቸው ላይ ስትተኛ የቀኝ ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ዝቅ ያድርጉት። በታችኛው አገጭ ከክራንቻው ቀጥሎ ጥቂት ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ የምትመጣው የመጀመሪያዋ የጎን ጥርስ በድመቶች ዘንድ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የምትሟሟው ናት። ድዱ በእርሷ ላይ እንደ ትንሽ ቀይ ፍሬ ወጥቶ ካዩ፣ ወይም እርሷ መሆን በሚገባት ቦታ ላይ ጥርስ ካጡ፣ በግራ በኩል የምትበላበትን ምክንያት አግኝተውታል።